ከአእምሮ ሕመም ማገገምና የአቻ ለአቻ ድጋፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የሕመሙ ስም ይነገራል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያወራም። ጥያቄው የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ? ትዳር ይኖረኛል? ይሄ ነገር ተመልሶ ይመጣብኛል? ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ድባቴ ላለበትም፣ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳበት፣ አንዴ የሚወርድበት ሕመም) ላለበትም፣ ስኪዞፍሬኒያ (ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እንደመስማት ያለ ምልክት የሚያመጣ ሕመም) ላለበትም ይሆናሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአእምሮ ሕመም በእርግጥ ይዳናል?

አዎ፣ ብዙ ሰው ይድናል። አንዳንዱ አንድ ጊዜ ታሞ፣ ታክሞ፣ ዳግም ሳያመው ይኖራል። አንዳንዱን ደግሞ እየመጣ ይሄድበታል፤ በመሃል ግን ደህና ሆኖ ዓመታት ይቆያል። ምልክቱ ሙሉ በሙሉ የማይለቀውም አለ። እሱም ቢሆን ይማራል፣ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ከወዳጆቹ ጋር ይስቃል።

በተለይ ስለ ስኪዞፍሬኒያ ለረጅም ጊዜ የሚነገረው ግን ሌላ ነበር። አንዴ ከጀመረ እየባሰበት ብቻ የሚሄድ በሽታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን እምነት ካናጉት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የተሠራው ነው። ኮርትኒ ሃርዲንግና ባልደረቦቿ የተከታተሏቸው 269 ሰዎች በግዛቱ የአእምሮ ሆስፒታል ለዓመታት የተቀመጡ ነበሩ። ከእንግዲህ አይወጡም ተብሎ ተስፋ የተቆረጠባቸው ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ መኖሪያ፣ ሥራና ክትትል ያካተተ የማቋቋሚያ ፕሮግራም ተጀመረላቸው፤ ቀስ በቀስም ወጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተፈልገው ሲገኙ፣ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በጣም ተሽሏቸው ወይም አገግመው ነበር። ውጤቱ የታተመው በ1987 ነው። እነዚህ ሰዎች እኮ ሕመሙ የቀለለላቸው አይደሉም። ከሁሉ የባሰባቸው ተብለው የተለዩ ናቸው።

ጊዜውንም ልብ በሉት። በስድስት ወር ውስጥ «አልተሻለኝም፣ በቃ እንዲሁ ነኝ» ብሎ መደምደም በጣም ይቸኩላል።

ምልክቱ እያለ አገግሜያለሁ ማለት ይቻላል?

ይቻላል። ሐኪሙ የሚከታተለው ምልክቱን ነው፤ እንቅልፉን፣ ስሜቱን፣ የሚሰማውን ድምፅ። ታማሚው የሚመዝነው ደግሞ ሌላም ነገር ነው። ጠዋት የሚያስነሳኝ ጉዳይ አለኝ? የሚጠብቀኝ ሰው አለ? በራሴ ጉዳይ ላይ የምወስነው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ድምፅ መስማቱ የቆመለት ሰው ቀኑን ሙሉ ከአልጋው ሳይነሳ ሊውል ይችላል። ድምፁ ዛሬም የሚሰማው ሰው ደግሞ ከሥራ ወጥቶ ልጁን ከትምህርት ቤት ይቀበላል።

ፓትሪሺያ ዲገን ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባት ሲነገራት ገና 17 ዓመቷ ነበር። በኋላ በሳይኮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪዋን ያዘች። ማገገም ከታማሚው በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዷ እሷ ናት።

በ2011 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በዚህ ዙሪያ የተጻፉትን ሰብስበው አይተው ነበር። ያገገሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው አምስት ጉዳዮች ሆነው ተገኙ፦ ከሰው ጋር መገናኘት፣ ተስፋ፣ ከሕመሙ ስም ያለፈ ማንነት፣ ለኑሮ ትርጉም ማግኘት፣ በራስ ሕይወት ላይ መወሰን። መድኃኒት ለእነዚህ የሚሆን አቅም ይሰጣል፤ ራሳቸውን ግን አይተካም። አብዛኞቹ የሚገኙት ከሰው ነው። የአቻ ድጋፍ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

የአቻ ድጋፍ ምንድን ነው? ከጓደኛ ምክር በምን ይለያል?

በአእምሮ ሕመም ያለፈ ወይም አሁንም ከሕመሙ ጋር የሚኖር ሰው፣ እዚያው ውስጥ ላለ ሌላ ሰው የሚሰጠው ድጋፍ ነው። በቡድን ይሆናል፣ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተገናኝተው ይሆናል፣ በስልክም ይሆናል። በአንዳንድ አገሮች ሥልጠና የሚወሰድበት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆኗል። ለምሳሌ በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት በ1999 የሠለጠኑ አቻ ደጋፊዎች አገልግሎት ከመንግሥት የጤና መድን እንዲከፈል አድርጋለች። ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋታል።

ጓደኛ «አይዞህ፣ ያልፋል» ይላል። ከልቡ ነው፤ ግን ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚል አያውቅም። አቻው «ክኒኑ ጠዋት ጠዋት ያደነዝዝሃል? እኔንም እንደዚያ ያደርገኝ ነበር። ለሐኪሜ ስነግራት የምወስድበትን ሰዓት ወደ ማታ ቀየረችልኝ» ይላል። «መንገድ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል» ስትሉት አይደነግጥም፤ ከንፈሩንም አይመጥም። የደረሰበት ነውና ያውቀዋል።

አቻ ደጋፊ ትንሽ ሐኪም አይደለም። ሕመም አይመረምርም፣ መድኃኒት አያዝም፣ አያስቆምም። «እኔን ያዳነኝ ይሄ ነውና አንቺም እሱን ብቻ አድርጊ» የሚል አቻ ካጋጠማችሁ ራቅ በሉ።

ራሱ የታመመ ሰው ሌላውን እንዴት ይረዳል? ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል አይገቡም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቤተሰብ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ነገሩ አዲስ ሙከራ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ በሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ክፍል ያስተዳድር የነበረው ዣን ባፕቲስት ፒዩሳን፣ ያገገሙ ታማሚዎችን አስታማሚ አድርጎ ይቀጥር ነበር። ታማሚን በርኅራኄ የሚይዙት እነሱ መሆናቸውን አይቶ ነው። ፒዩሳን ራሱም በዚያው ሆስፒታል በሌላ በሽታ ታክሞ የወጣ ሰው ነበር።

በ1940ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ጥቂት ሰዎች «ብቻችንን አይደለንም» የሚል ስም ይዘው መገናኘት ጀመሩ። ከዚያ ስብስብ ፋውንቴን ሃውስ የተባለው ማዕከል በ1948 ተወለደ። እዚያ የሚመጣው ሰው ታማሚ ሳይሆን አባል ነው የሚባለው። ምግብ ማብሰሉንም፣ የቢሮ ሥራውንም፣ እንግዳ መቀበሉንም አባላቱ ከሠራተኞች ጋር እኩል ይሠሩታል። ዛሬ በዚህ አሠራር የሚሄዱ ማዕከላት በብዙ አገሮች አሉ።

የኔዘርላንዱ ታሪክ ደግሞ እኔን ይበልጥ ይነካኛል። ፓትሲ ሃግ ድምፅ የምትሰማ ሴት ነበረች። የአእምሮ ሐኪሟ ማሪየስ ሮሜ የምትሰማውን ነገር ከቁም ነገር እንዲቆጥረው ወተወተችው። እሱም የሚላት ቢጠፋው እሷን የመሰሉ ሰዎችን መፈለግ ያዘ። ሁለቱ አብረው በቴሌቪዥን ቀርበው ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች እንዲደውሉ ጠየቁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደወሉ። ከደወሉት ውስጥ ሐኪም ቤት ረግጠው የማያውቁ፣ ከድምፁ ጋር መኖርን በራሳቸው መንገድ የለመዱ ነበሩበት። በ1987 ተሰበሰቡና ዘዴያቸውን ተለዋወጡ። ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ቡድኖች በብዙ አገሮች የተስፋፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ከታሪኩ ይበልጥ የማምንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። የታመመ ሰው ለዓመታት ተቀባይ ብቻ ይሆናል። ይታከማል፣ ይመከራል፣ ይታዘንለታል፣ ይጠበቃል። ማንም «እስቲ እርዳኝ» አይለውም። ቤት ውስጥ ከባድ ወሬ ሲነሳ «እሱ አይስማ» ተብሎ በሩ ይዘጋል። አስቡት፤ አስተማሪ የነበረ፣ ቤት ያስተዳደረ ሰው ከምንም ነገር ሲገለል። አቻ ቡድን ውስጥ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት አዲስ ሰው ይመጣል፤ ፈርቶ፣ አንገቱን ደፍቶ። ያ ለዓመታት ተቀባይ የነበረ ሰው ወንበር ስቦለት «እኔም መጀመሪያ ቀን እንዲህ ነበርኩ» ይለዋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚሰጠው ነገር አገኘ። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ፍራንክ ሪስማን በ1965 የጻፈው ስለዚሁ ነው፤ ሌላውን የሚረዳ ሰው ራሱም በመርዳቱ ይጠቀማል። የአቻ ድጋፍ ትልቁ አቅም ይህ ይመስለኛል።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ታማሚ በማንኛውም ሰዓት ደጋፊ ይሁን ማለት አይደለም። ሕመሙ በበረታበት ወቅት ራሱ ድጋፍ የሚያሻው ሰው ላይ የሌላውን ሸክም መጨመር አይገባም። በመደበኛነት የሚሠሩትም ሥልጠና፣ የሚያማክራቸው ኃላፊና ሲደክማቸው ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል።

በአቻ ቡድን ስብሰባ ላይ ምንድን ነው የሚደረገው?

አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አስተባባሪው ራሱ በሕመሙ ያለፈ ነው። መጀመሪያ ደንቡ ይነበባል፣ ቀጥሎ ሁሉም በየተራ ሳምንቱ እንዴት እንደነበር ይናገራል። ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ጉዳይ ላይ ረዘም ያለ ውይይት ይደረጋል። ስለ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ስለሚያመጣው ውፍረት፣ ለእጮኛ መቼና እንዴት እንደሚነገር፣ ከአለቃ ጋር ስላለ ችግርም ሊሆን ይችላል።

የንግግሩ ወግ ከሌላ ቦታ ይለያል። «እንዲህ አድርግ» አይባልም፤ «እኔ እንዲህ አድርጌ ነበር» ይባላል። ሰው ሲናገር አይቋረጥም። የማን ሕመም ይበልጣል ተብሎ አይወዳደሩም። ሲያለቅስ ዝም ለማሰኘት አይጣደፉም።

ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ሴት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሌላ ቦታ ብትሆን እጇን ከጠረጴዛ ሥር ትደብቀው ነበር። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ውኃ ሲቀዳላት ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞላው። ምንም አላለም። እሷም በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳታፈስ ጠጣች። ይህን ለማድረግ ሥልጠና አልወሰደም። እጁ እንደዚያ ተንቀጥቅጦ ስለሚያውቅ ነው።

መናገር ግዴታ ነው?

አይደለም። ስማችሁን ብቻ ተናግራችሁ ወራት ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም ማንም ሊጫናችሁ አይገባም። የሚጫን ቡድን ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ምስጢሬ ይወጣ ይሆን?

ይህ ፍርሃት ተራ አይደለም። ወሬው ቢወጣ ሥራ ሊያሳጣ፣ ትዳር ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያ ደንቡ «እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል» የሚል ነው። ፎቶ አይነሳም፣ ድምፅ አይቀዳም፣ መንገድ ላይ ሲተያዩ ቀድሞ ሰላም የሚባለው ከተስማሙ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን አቻዎች እንደ ሐኪም በሙያ ቃል ኪዳን የታሰሩ አይደሉም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ዘርግፎ መናገር አያስፈልግም። ሰዎቹን እያያችሁ፣ እያመናችኋቸው፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ለምስጢሩ አንድ ገደብም አለ። አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ መሆኑ ከታወቀ ዝም አይባልም፤ እርዳታ ይጠራል። ጥሩ አስተባባሪ ይህን ከመጀመሪያው ይናገራል።

ቡድን ከገባሁ መድኃኒቴን ማቆም እችላለሁ?

በራሳችሁ አታቁሙ። የአቻ ድጋፍ የሕክምና ጓደኛው ነው እንጂ ምትኩ አይደለም። በ2012 የታተመና 65 ሙከራዎችን ያጠቃለለ የስኪዞፍሬኒያ ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት ውስጥ በአንድ ዓመት ያገረሸባቸው 27 በመቶ ናቸው። መድኃኒቱ ምንም መድኃኒት በሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከተተካባቸው ውስጥ ግን 64 በመቶ አገረሸባቸው። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም በድንገት ማቋረጥም በጣም አደገኛ ነው።

በሌላ በኩል መድኃኒቱ የሚያመጣው ነገር ቀላል ነው አልልም። ውፍረት፣ እንቅልፍ፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ድንጋይ መደንዘዝ አለ። ብዙ ሰው ክኒኑን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሐኪሙ መናገር ስለሚያፍርም ጭምር። አቻዎች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። ለሐኪሙ ምን እንደሚባል አብረዋችሁ ይለማመዳሉ፤ ጥያቄያችሁን በወረቀት አስጽፈው ይልኳችኋል። መጠኑ ሊቀንስ፣ ዓይነቱ ሊቀየር፣ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ሊቆም ይችላል።

የሌላውን ችግር መስማት አያብስብኝም?

ለአንዳንድ ሰው፣ በአንዳንድ ወቅት፣ አዎ። በተለይ ስሜታችሁ በጣም በወረደበት ጊዜ ከባድ ታሪክ መስማት ቤት ድረስ ሊከተላችሁ ይችላል። ያኔ ተነስቶ መውጣት ነውር አይደለም። ከቡድን ይልቅ ከአንድ ሰው ጋር መገናኘት የሚቀናቸውም አሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ከስብሰባው በወጣችሁ ቁጥር የባሰ ከተሰማችሁ ወይ ቡድኑ አልተስማማችሁም፣ ወይ ጊዜው ገና ነው።

በእርግጥ እንደሚሠራ ማስረጃ አለ?

አለ፤ ግን ከሚገባው በላይ አላጋንነውም። በ2018 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት ከባድ የአእምሮ ቀውስ ውስጥ ገብተው፣ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ከተቋቋሙ የባለሙያ ቡድኖች ክትትል የወጡ 441 ሰዎችን ተከታትሏል። ግማሾቹ የማገገሚያ መልመጃ ደብተር በፖስታ ተላከላቸው። ሌሎቹ ይኸው ደብተር ተሰጥቷቸው፣ እስከ አሥር ጊዜ ከአቻ ደጋፊ ጋር ተገናኙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው ድንገተኛ የአእምሮ ሕክምና ያስፈለጋቸው ከመጀመሪያዎቹ 38 በመቶ፣ አቻ ከነበራቸው 29 በመቶ ሆኑ።

ሌሎች ጥናቶች ሲደመሩ ውጤቱ የተደባለቀ ነው። የአቻ ድጋፍ ተስፋን፣ በራስ መተማመንንና የማገገም ስሜትን እንደሚጨምር ይታያል። የሕመሙን ምልክት መቀነስ ላይ ያለው ውጤት ግን ያን ያህል ጎልቶ አይወጣም። ይህ አያስከፋኝም። አቻ ሲቀጠር የሚጠበቅበት እንደ መድኃኒት እንዲሠራ አይደለምና።

አገግሜ ነበር፣ አሁን አገረሸብኝ። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ቀረ?

አልቀረም። ማገርሸት በጣም የተለመደ ነው። መጀመሪያ ስትታመሙ የማታውቁትን አሁን ታውቃላችሁ፤ ምን እንደሚቀድመው፣ ምን እንዳረጋጋችሁ፣ ማን እንደደረሰላችሁ። ይህን እውቀት ደህና በሆናችሁበት ጊዜ መጻፍ ነው ቁም ነገሩ።

በ1997 ሜሪ ኤለን ኮፕላንድ ከሌሎች የሕመሙ ባለቤቶች ጋር ሆና ያዘጋጀችው የማገገሚያ ዕቅድ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደህና ስሆን ምን እመስላለሁ? በየቀኑ ምን ካደረግኩ ደህና እሆናለሁ? ምን ይቀሰቅስብኛል? ሊጀምረኝ ሲል ምን አያለሁ? ራሴን መምራት ሲያቅተኝ ማን ይወስንልኝ?

ጥሩ ዕቅድ ዝርዝር ነው። «ጭንቀት ሲሰማኝ» የሚል አይበቃም። ከአንድ ደብተር ላይ ያነበብኩት እንዲህ ይላል፤ «ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከአራት ሰዓት በታች ተኝቼ ድካም ካልተሰማኝ፣ የባንክ ካርዴን ለእህቴ እሰጣለሁ። ለሐኪሜ በማግስቱ እደውላለሁ። አዲስ የሥራ ዕቅድ ለማንም አልናገርም።» ይህን የጻፈው ባይፖላር ያለበት ሰው ነው። ስሜቱ ከልክ በላይ ሲነሳ ገንዘቡን እንደሚበትን ያውቃል። እህቱ ዕቅዱን ቀድማ ስላነበበች ካርዱን ሲሰጣት አትከራከረውም። ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ምልክት እንቅልፍ ነው። ሌላው ስልክ ማንሳት ያቆማል፣ ሌላው ገላውን መታጠብ ይተዋል፣ ሌላው ሬዲዮው ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለዋል። የራሳችሁን ፈልጉ፤ የሚያውቋችሁንም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እነሱ ቀድመው ያዩታል።

ራሱን ለማጥፋት እያሰበ እንደሆነ የምጠረጥረው ሰው አለ። ብጠይቀው ሐሳቡን አልጨምርበትም?

አትጨምሩበትም። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ጥናቶች ያሳያሉ። ለብዙ ሰው እንዲያውም እፎይታ ነው። «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ሳትፈርዱ አድምጡ። እንዴትና መቼ እንደሚያደርገው አስቦ ከሆነ ብቻውን አትተዉት። የሚጎዳበትን ነገር፣ የተጠራቀመ መድኃኒት፣ መርዝ ወይም መሣሪያ፣ ከአካባቢው አርቁ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ውሰዱት። ምስጢር ጠብቅልኝ ቢላችሁም ይህን ምስጢር አትጠብቁ። አሁን ይህን እያነበባችሁ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁ፣ ማንበቡን ተዉትና አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ፤ ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ።

ቤተሰብ ነን። ምን ብናደርግ ይጠቅማል?

የሶሺዮሎጂ ተመራማሪው ጆርጅ ብራውን በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ሲከታተል ያልጠበቀው ነገር አጋጠመው። ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ሚስቶቻቸው ከተመለሱት ይልቅ ወደ ኪራይ ቤት ወይም ወደ ወንድም እህት የሄዱት ደህና ሆኑ። ቀጥለው የመጡ ጥናቶች ምክንያቱን አጠበቡት፤ ቤት ውስጥ የማያቋርጥ ነቀፌታ፣ ጥላቻ፣ ወይም ከልክ ያለፈ መሳሳትና መጠበቅ ሲኖር ሕመሙ ቶሎ ያገረሻል።

ይህን የምናገረው ቤተሰብን ለመውቀስ አይደለም። ነቀፌታውም መሳሳቱም ከፍርሃት ነው የሚመጣው። ግን ማወቁ ይጠቅማል። «ሰነፍ ሆነሃል፣ ተነስ» ከማለት በፊት፣ አለመነሳቱ ስንፍና ሳይሆን ሕመሙ ወይም መድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ክኒኑን በየቀኑ ቆጥሮ መያዝም አዋቂን ሰው ልጅ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ማን ምን እንደሚያደርግ አብራችሁ ወስኑ። ቤት ውስጥ የሚችለውን ሥራ አትንጠቁት። አስታማሚዎችም የራሳቸው አቻ ቡድን ቢኖራቸው በጣም እመክራለሁ። የእናት ድካም የሚገባው ለሌላ እናት ነው።

ሥራ መሥራት እችላለሁ?

ብዙዎች ይችላሉ። ለዓመታት የነበረው አሠራር ታማሚው መጀመሪያ ረጅም ሥልጠና ይውሰድ፣ ከዚያ ሥራ ይፈለግለት የሚል ነበር። በ1990ዎቹ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር የተጀመረው መንገድ ግን ገለበጠው። መጀመሪያ እውነተኛ ሥራ ይገባል፣ ድጋፉ ሥራው ላይ እያለ ይቀጥላል። በብዙ አገሮች ሲሞከር ከድሮው የተሻለ ሰው ሥራ ላይ አቆይቷል። በጥቂት ሰዓት መጀመር ነውር የለውም። ለአሠሪ መንገር ወይም አለመንገር የእናንተ ምርጫ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ተናግሮ የሚያውቅ አቻ ብታማክሩ ጥሩ ነው።

በአካባቢዬ ቡድን የለም። እኔ ልጀምር?

ጀምሩ፤ ግን ብቻችሁን አይደለም። ቢያንስ ሁለት አስተባባሪ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲያመው ሌላው እንዲይዝ። ብዙ ቡድን የሚፈርሰው አንድ ጠንካራ ሰው ሁሉን ተሸክሞ ሲወድቅ ነው።

ሦስት ሰው ይበቃል። ቦታው ፀጥ ያለ፣ ከውጭ የማይታይ፣ መግቢያው ላይ «የአእምሮ ሕሙማን» የሚል ጽሑፍ የሌለበት ይሁን። ቀኑንና ሰዓቱን አትቀያይሩ። የሚመጣው ሰው አንድ ቢሆን እንኳን በሩ ይከፈት፤ ያ አንድ ሰው ከቤት ለመውጣት ምን ያህል እንደታገለ አታውቁምና። ደንቡን አብራችሁ ጻፉ እንጂ ተዘጋጅቶ አይምጣ። ከአንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ስብሰባ ላይ ይቀመጥ ብዬ አይደለም፣ አስቸኳይ ነገር ሲገጥም ማን ጋ እንደሚደወል እንዲታወቅ ነው። ቁጥሩን ሁለታችሁም አስተባባሪዎች ስልካችሁ ላይ ያዙት። መጥቶ የቀረ ሰው ሲኖር ደግሞ አንድ ጊዜ ደውሉለት። «ለምን ቀረህ» ሳይሆን «ወንበርህ አለ» በሉት።